አትንኩት፣ ጎርሷል!

አሮጌ ጠመንጃን ከዝገት ይልቅ የሚፈጀው ደግ ሰው ነው። ዝገት ቀስ ብሎ ይበላል፤ ደግ ሰው ግን ካቻቢቴ ይዞ ይመጣል። የአጎቴ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አልከፈት ያለ ዕለት ከመንደሩ ያልመጣ ደግ ሰው አልነበረም።

ፈቃዱ ሊታደስ ነውና ቁጥሩ መታየት ነበረበት። ቁጥሩ ደግሞ የተመታው ከአፈሙዞቹ ሥር፣ ጠመንጃው ሲታጠፍ ብቻ በሚታየው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። አጎቴ ከምላጩ ሥር ያለውን ረጅም እጀታ ወደ ቀኝ ገፉ። እጀታው ትንሽ ዞረ፤ አፈሙዙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባለ ጋራዡ ጎረቤታችን መዶሻ ይዞ ደረሰ። ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ዕድሜ ልካቸውን ክላሽ የያዙ ሰው ናቸውና ለእንዲህ ያለ ስስ ዕቃ ትዕግሥት የላቸውም፤ “በእግር ረግጦ መጎተት ነው” አሉ። አጎቴ ተቆጡ። “ዓድዋ የዘመተ ጠመንጃ በእግር ይረገጣል?” (በአገራችን ዓድዋ ያልዘመተ አሮጌ ጠመንጃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ይኼኛው እንኳ ቆቅና ጅግራ የሚመታበት የወፍ ጠመንጃ ሆኖ ሳለ ዘምቷል። “በወፍ ጥይት ጣልያንን ምን ሊያደርጉት?” ብሎ የጠየቀ ሰው ቡናው ሳይደርስ ይሸኛል።)

እኔን የጠሩኝ የልብስ ስፌት መኪና ስለምጠግን ነው። ብረት ብረት ነው ብለው መሰለኝ።

ከሁሉ በፊት ጎርሶ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አጎቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ለመጣ ለሄደው “አትንኩት፣ ጎርሷል!” ሲሉ ነው የማውቃቸው። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩና አፈሙዙን ሰው ወደማያልፍበት የድንጋይ ካብ አዞርኩ። በጎን ቆሜ ቀጭን እንጨት ቀስ አድርጌ ሰደድኩበት፤ የገባውን ያህል ምልክት አድርጌ አወጣሁና ከውጭ በኩል ለካሁት። ያልተተኮሰ ጥይት ቢሆን ኖሮ እንጨቱ አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ቀደም ብሎ በቆመ ነበር። የቆመው ግን ለአፈሙዙ የኋላ ጫፍ የጣት ወርድ ያህል ሲቀረው ነው፤ በሁለቱም አፈሙዝ። ውስጡ ያለው የተተኮሰ ቀለህ ነው ማለት ነው። ለአጎቴ አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በጎረቤት ፊት አይነገርም።

የዚህ ዓይነት ጠመንጃ መምቻዎቹ ከውጭ ናቸው፤ ግራና ቀኝ እንደ ድመት ጆሮ ቆመዋል። ምላጩ ሲሳብ መምቻው መርፌውን ይመታል፤ መርፌው ደግሞ በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን አቀጣጣይ ቆብ ይወጋል። እንግሊዛዊው ጆን ስታንተን በ1867 እ.ኤ.አ. መትቶ በራሱ ወደ ኋላ መለስ የሚል መምቻ አስመዝግቦ ነበር። የአጎቴ ጠመንጃ ይህ ወሬ አልደረሰውም። እሱ መትቶ እዚያው ይተኛል፤ መርፌውም ቆቡ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። መርፌ የተሰካበትን ቀለህ ይዞ አፈሙዙ ቁልቁል ሊታጠፍ አይችልም፣ ቢረገጥም ቢደበደብም። መላው መምቻዎቹን በአውራ ጣት ይዞ “ቀጭ” እስኪሉ ግማሽ መንገድ መሳብ ነው።

ሳብኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። እጀታውን ገፋሁ። አሁንም እምቢ። ባለ ጋራዡ መዶሻውን አነሣ።

“ጋሼ፣ በምን ነበር የሚቀቡት?”

“በኑግ ነዋ! ንጹሕ ኑግ፣ ከራሴ ማሳ!”

በሽታው ታወቀ። የኑግ ዘይት ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም፤ አየር ሲያገኘው ይጋገራል፣ ቀለም መሥሪያ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። መኪናቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ የወጥ ዘይት የሚያጠጡ ልብስ ሰፊዎች ናቸው የእኔን እንጀራ የሚጋግሩት። እዚህም መርፌዎቹን ወደ ኋላ የሚመልሱት ትንንሽ ሞላዎች ሙጫ ውስጥ ታስረዋል። ብሎኖቹን አልነካሁም፤ የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ብሎን ስንጥቁ እጅግ ቀጭን ነው፣ የገበያ ካቻቢቴ አንዴ ከፈነቀለው አለቀለት። መርፌዎቹ ዙሪያ ነጭ ጋዝ በጠብታ አድርጌ “ይደር” አልኩ። “ይደር” የሚል ጠጋኝ የሚወድ የለም። ሃምሳ አለቃው ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ግን ቀድመው የተገኙት እሳቸው ናቸው። እጀታውን ገፍቼ ሰደፉን በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ጠመንጃው ከወገቡ እጥፍ አለ። ቁጥሩ ታየ። አጠገቡም የቤልጅጓ የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ማኅተም አለ፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ሦስት ፊደላት፣ ኢ ኤል ጂ። መፈተሻ ቤቱ ከ1885 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞላላው በላይ ዘውድ ጨምሯል፤ የእኛው ማኅተም ዘውድ የለውም። “እንግዲህ ከዓድዋ በፊት የተሠራ ነው” አልኩ። አጎቴ የሰሙት “ዓድዋ” የምትለዋን ብቻ ነው።

“አላልኳችሁም?” አሉ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረው።

ባለቤታቸው ግን ዓይናቸው ከጠመንጃው የወጡት ሁለት ቀለሆች ላይ ነው። አንዱን አንሥተው አገላበጡት፣ አሸተቱት።

“ይኼ የትልቋ ልጃችን ሰርግ ላይ የተተኮሰው አይደለም?”

አጎቴ መልስ አልሰጡም።

“እንግዲያው እስከ ዛሬ ሌባ የጠበቀልን ባዶ ቀለህ ነው?”

“ታዲያስ” አሉ አጎቴ፣ “ተሰርቀሽ ታውቂያለሽ?”