ከፍሬ ከርስኪ ፍሬን ይሻላል

«በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር? ከተማ ሊገድሉ ነው!» ይለናል አያ ጥድፊያ። ስሙልኝ እናንተ! ሰው ሲጨርስ የኖረው ፍጥነት፣ ሙሾ የሚወርድለት ከተማው! አያ ጥድፊያ፣ ከተማ ነፍስ የለውም። ነፍስ ያለው መንገድ የሚሻገረው ሰውዬ ነው። አንተ እሱን አትርፍልን፣ ከተማውን እኛ እናስታምመዋለን።

ነገሩ ላልደረሳችሁ ላሳጥረው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የፍጥነት ደንብ አወጣች። በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና ሰው በሚበዛበት ሰፈር ከ30 በላይ መንዳት ክልክል ሆነ። በጁን 2025 ካሜራዎቹ ቅጣት መላክ ጀመሩ። ጥቂት ያለፈ 200,000 ሺሊንግ፣ ብዙ ያለፈ 600,000። ካምፓላ ጮኸች። በወሩ በ11ኛው ቀን የሥራና ትራንስፖርት ሚኒስቴር የካሜራ ቅጣቱን ለጊዜው አገደው። አያ ጥድፊያም እስከ ካባላጋላ፣ እስከ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ድረስ ጥሩምባውን እየነፋ ዞረ። «አሸነፍን!» ማንን? ቅጣቱ ታገደ እንጂ ሞት አልታገደም። የአገሩ ፖሊስ በ2023 የመዘገበው የመንገድ ሞት 4,806 ነበር፤ በ2024 5,144 ሆነ። በቀን 14 ሰው ነው። የካምፓላ ታክሲ ሲሞላ ስንት ተሳፋሪ ይይዛል? 14! በየቀኑ አንድ ታክሲ ሙሉ ሰው ተሳፍሮ አይመለስም፤ አንተ «ዘገየሁ» ትላለህ።

ደግሞ የቱ ፍጥነትህ ነው የተነካው? እስቲ ኪኩቦ ግባ። መርካቶን የምታውቁ ኪኩቦ አይጠፋችሁም። ከአሮጌው ታክሲ መናኸሪያ አጠገብ ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ በጅምላ ይራገፍባታል፤ ከደቡብ ሱዳንና ከኮንጎ ሳይቀር ነጋዴ ይመጣባታል። ኪኩቦ ኪሎ ትሸከማለች እንጂ ኪሎ ሜትር አታውቅም። እዚያ መንገድ የሚከፈተው በክርን ነው። ባለጆንያው አንዴ «ዞር በሉ!» ሲል የሚያገኘውን መንገድ አንተ በአሥር ጥሩምባ አታገኘውም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተጎተትክ ገብተህ «30 አነሰኝ» ትላለህ እንዴ? እልል በል እንጂ! ስድስት እጥፍ እድገት ነው የተሰጠህ።

«ቀስ ከተባለ ንግድ ይሞታል» ትላለህ። የኪኩቦ ገዢ በምኑ ነው የሚገዛው? በእግሩ ቆሞ፣ በእጁ ዳብሶ፣ በአፉ ተከራክሮ። በ60 እየበረረ በመስኮት አንድ ካርቶን ሳሙና የገዛ ሰው ካለ ቁሙና አሳዩኝ። አንተ በበረርክ ቁጥር ገበያው አቧራህን እንጂ ገንዘብህን አያገኝም።

«እሱ ቀን ነው፤ ማታ መንገዱ ባዶ ሲሆንስ?» መንገዱ ባዶ አይደለም ወዳጄ፣ ባዶው ሌላ ነው። ማታ ጉሊት አንስታ ቤቷ የምትገባ እናት አለች። በሞተር ሳይክል ታክሲው፣ በቦዳ ቦዳ ላይ ሦስት ሆነው የተደራረቡ አሉ። አንተም መኪናህ የተበላሸ ቀን ቦዳ ላይ ባዶ ራስህን ትወጣለህ። ባዶ ስል ሄልሜቱን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ራስህ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ና፤ ቁም ስልህ መቆም ከቻልክ። አንድ ልጅ ከፊትህ 14 ሜትር ላይ ኳሱን ተከትሎ ገባ እንበል። በ30 ነው የምትነዳው። አየኸው፤ አንድ ሰከንድ ደነገጥክ፤ በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ሄድክ። ፍሬን ያዝክ፤ 5 ሜትር ያህል ተንሸራትተህ ቆምክ። ልጁ ይሰድብሃል፣ ትሰድበዋለህ፣ ሁለታችሁም እራት ላይ ትደርሳላችሁ። በ50 ከሆንክስ? በዚያችው የድንጋጤ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ሄደሃል! እግርህ ፍሬኑን ሳይነካ ልጁ ጋ ደርሰሃል። ፍሬንህ ጀርመን ይሠራ፣ ጎማህ ትናንት ይገዛ፣ መካኒክህ የሰፈሩ አንደኛ ይሁን፣ ምን ይረባል? ያልተረገጠ ፍሬን ፍሬ የለውም!

«እኔ ቀልጣፋ ነኝ!» ይበልና ደግሞ። አንድ ሰከንድ የሰጠሁህ እኮ አክብሬህ ነው። ስልክህን እየጎረጎርክ ከሆነ ሰከንዷ ትረዝማለች። ደግሞ ከ30 ወደ 60 ስትወጣ ቁጥሩ እጥፍ ቢሆንም የምትገጭበት ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሚኒስቴር ስላልሆነ መስኮት ዝቅ አድርገህ አትደራደረውም። ፊዚክስ ጉቦ አይበላም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተናል። አንተ ባለህበት ጎዳና ግን እንቁላሉ ገና እግር ሲያወጣ ትገጨዋለህ!

ይህ ሁሉ ለስንት ደቂቃ ነው? 5 ኪሎ ሜትር በ50 ሳትቆም ብትበር 6 ደቂቃ፤ በ30 ብትሄድ 10 ደቂቃ። አራት ደቂቃ! ያውም መብራት ካልያዘህ፣ ታክሲ ካልቆመብህ፣ ቦዳ ካልተጠመዘዘብህ። ካምፓላ ውስጥ ሳትቆም 5 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ካለ እሱ ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እሺ፣ አራቷን ደቂቃ አተረፍክ እንበል፤ ምን ሠራህባት? እኔ ልንገራችሁ፤ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ ዞረባት።

በመጨረሻ የት አቆመው? እግረኛ መንገድ ላይ! ከዚያ ወርዶ ምን ይላል? «እግረኛው መኪና መንገድ ላይ እየገባ አስቸገረን።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ከኪኩቦ አፍንጫ ሥር ናሚሬምቤ መንገድና ሉዉም ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ተብለው ተሠርተዋል። ከተማው ድንጋይ አነጠፈ፣ ጠርዝ ሠራ። አንተ ግን ጠርዙን ወጥተህ አቆምክበት። እግረኛው ታዲያ በየት ይሂድ? ክንፍ ያብቅል? ቢያበቅልም አንተ «ዝቅ ብሎ በረረብኝ» ብለህ ትከሰዋለህ።

«ካሜራው ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው!» ይህቺን ሲል ድምፁ ያምራል። ካሜራውን ማስራብ እኮ ቀላል ነው። እግርህን ከነዳጁ አንሳ፤ ካሜራው ጦሙን ያድራል። አንተ ራስህ እያጎረስከው «በላኝ» ትላለህ። ነጂ ነህ ወይስ ነዳጅ? በትንሽ በትልቁ ትነዳለህ ወይስ ትነድዳለህ?

አንድ ነገር ግን እውነት አለህ፤ አልነፍግህም። ምልክት ባልተተከለበት መንገድ ሰውን መቅጣት ነውር ነው። ብዙ ሰው የጮኸውም «30 የሚል ነገር መች አየን?» ብሎ ነው። ልክ ነው፤ ምልክቱ ይተከል፣ ከሩቅ ይነበብ፣ መሬቱ ላይም በቀለም ይጻፍ፣ ከዚያ ካሜራው ይምጣ። አንተ ግን «ምልክት ትከሉልኝ» አላልክም፤ «ፍጥነቱን ልቀቁልኝ» አልክ። መነጽሩ የጠፋበት ሰው ዓይኔን አውጡልኝ አይልም።

«30 የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ ሄልሲንኪ አይደለንም።» አዎ፣ አይደለንም! ሄልሲንኪ ከግማሽ የሚበልጠውን ጎዳናዋን 30 አድርጋ፣ እስከ ጁላይ 2025 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በትራፊክ አደጋ አንድም ሰው አልሞተባትም። ያውም በበረዶ። እዚያ የሚያንሸራትተው መንገዱ ነው፤ እዚህ የሚያንሸራትተው ምላስህ ነው።

ሁለተኛው ሙሾህ ደግሞ የአውቶቡስ መስመር ነው። «ለአውቶቡስ ብቻ መስመር ከተሰጠ መንገዴን ተቀማሁ!» መንገዴ? በየት በኩል? ግብር ከፍያለሁ ካልክ አውቶቡሱ ውስጥ 60 ግብር ከፋይ ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። አንተ አንድ ራስህን ይዘህ አራት ባዶ ወንበር ታዞራለህ። ወንበሮችህ መንገድ ይሰጣቸው ነው የምትለው? ይመረጡ እንዴ፣ ድምፅ ይስጡ? መኪና የሚተራመስበት አንድ መስመር በሰዓት ቢበዛ 1,600 ሰው ገደማ ያሳልፋል። ያንኑ ስፋት ለአውቶቡስ ብቻ ስትለቀው ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያልፍበታል። መስመር ለአውቶቡስ ሲሰጥ መስመር የሳትከው አንተ ነህ።

«አውቶቡስ ካምፓላ ተሞክሮ ከሽፏል።» እንዴት እንደተሞከረ ተናገር እንጂ! በ2012 ፓዮኒር ኢዚ ባስ የሚባሉ ብርቱካናማ አውቶቡሶች መጡ። ወጣት ተማሪው፣ ቢሮ ሠራተኛው ተሳፈረባቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በግብር ዕዳ ጭቅጭቅ ተይዘው ቆሙ። እስከዚያም ድረስ የራሳቸው መስመር አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ግዙፍ አውቶቡስ ከአንተ ኋላ፣ ከታክሲው ኋላ፣ ከቦዳው ኋላ ተሰልፎ የአንተን ጭስ ሲጠጣ ዋለ። እጁን አስረህ ቀለበት ውስጥ አስገባኸውና «ቦክስ አያውቅም» አልክ። ለፈጣን አውቶቡስ የራስ መስመር ይሠራ የሚለው ጥናት ካምፓላ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ይነሳል ይወድቃል። በከተማው ውስጥ በ30 እንኳ ሳይሄድ የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው!

ጎረቤት ዳሬሰላም ግን አልጠበቀችም። በ2016 ፈጣን አውቶቡሷን 21 ኪሎ ሜትር ያህል በራሱ መስመር ላይ አስጀመረች። አውቶቡስ አነሰ፣ ሰው ታጨቀ የሚል ወቀሳ አለ፤ እውነት ነው። ሰው የታጨቀው ግን ስለፈለገው ነው። የማይፈለግ ነገር ላይ ማን ይጋፋል? አዲስ አበባም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመስከረም 2008 ባቡሯን ያስጀመረችው ሐዲዱን አጥራ ነው። ሰረገላ አነሰ ሲባል ሰምተናል፤ ሰው ተጨናነቀ ሲባል ሰምተናል። «ባቡሩ የመኪና ሰልፍ ያዘው» ሲባል ግን አልሰማሁም። መንገዱን ስለማያጋራህ ነዋ!

አያ ጥድፊያ አልተረታም፤ «ዳሬሰላም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የአውቶቡሱ መስመር ባዶውን ተኝቷል፤ እኛ እዚህ ተጨናንቀናል» አለ። ኧረ ያዙኝ! ባዶ የመሰለህ አውቶቡሱ አልፎ ስለሄደ ነው! ሰዎቹ ቤታቸው ገብተው እግራቸውን ታጥበዋል። አንተ ገና እዚያው ቆመህ መስመር ትቆጥራለህ።

«የታክሲ ሾፌሮቹስ እንጀራ?» እዚህ ላይ አልቀልድም። ባለ14 መቀመጫውን የሚነዳው ሰው መንገዱን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ትልቁን አውቶቡስም እሱ ይንዳው፤ የታክሲ ባለንብረቶቹም በአክሲዮን ይግቡበት። መስመሩ ሲታቀድ ጠረጴዛው ላይ እነሱ ከሌሉ በማግስቱ መንገዱ ላይ ድንጋይ ይኖራል። አንተ ግን ስለ ሾፌሩ እንጀራ ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው? ትናንት በታክሲው ታፋ ተጋፍተህ ስትገባበት ስለ እንጀራው አልጠየቅከውም፤ ስለ እናቱ ነው የጠየቅከው።

በል አሁን ወሬው በቃን፤ በተግባር እንለካካ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ባኩሊ እንገናኝ። ከዚያ በናሚሬምቤ መንገድ ቁልቁል እስከ ኪኩቦ አፍ። አንተ በመኪናህ፣ እኔ በእግሬ። ሞተርህን አስጮኸው፣ ጥሩምባህን ንፋው፣ የፈለግከውን ማርሽ አስገባ፤ 30 የሚል ምልክት ካጋጠመህም እኔ በእጄ እሸፍንልሃለሁ። ከቀደምከኝ ካባላጋላ ጥብስ በእኔ ሒሳብ ነው፤ ጠጁም ይጨመርልህ። እናንተ ዳኞች ናችሁ፤ ኪኩቦ አፍ ላይ ቁሙና ጠብቁን። እኔ መንገዴን አንድ ሮሌክስ እገዛለሁ፤ የካምፓላ ሮሌክስ በእንቁላል የተጠቀለለ ትኩስ ቻፓቲ ነው። አንተ ሰልፉ ውስጥ የእጅህን ሮሌክስ ደጋግመህ ስታይ፣ እኔ የእጄን ሮሌክስ በልቼ ጨርሼ ሁለተኛውን አዝዤልሃለሁ!