ብቻዋን የምትጓዝ ሴት የምትከፍለው ትርፍ ሒሳብ

«ብቻሽን ነሽ?»

ፓሪስን፣ ሮምን ወይም ብራስልስን ብቻዋን የረገጠች ሴት ይህን ጥያቄ ሳትሰማ ውላ የምታድር አይመስለኝም። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ይጠይቃታል። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ በር ላይ ይጠይቃታል። ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ይጠይቃታል። ቪዛ ልታወጣ ስትሄድ በመስታወቱ ማዶ ያለው ሠራተኛ ይጠይቃታል። አገር ቤት ስትደውል እናቷም ይጠይቋታል። አንዱን «አዎ» ብላ ታልፈዋለች፤ ለሌላው ግን «ባለቤቴ ጣቢያው ላይ እየጠበቀኝ ነው» ብላ መዋሸት አለባት። የትኛው የትኛው እንደሆነ የምትለየው ደግሞ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ ነው።

ማንንም አስፈራርቼ ከመንገድ ላስቀር አይደለም የምጽፈው። አብዛኛዋ ሴት አውሮፓን ዞራ በሰላም ትመለሳለች። ያታከተን በጋዜጣ የሚወጣው ትልቁ አደጋ አይደለም። ያታከተን ወንዱ መንገደኛ የማይከፍለው፣ በየቀኑ ከገንዘባችን፣ ከጊዜያችንና ከእንቅልፋችን ላይ የሚቆረጠው ነው። ይባስ ብሎ፣ የመጠንቀቁ ሥራ ሁሉ የእኛ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፓሪስ መሀል የሚወስደው አርኢአር ቢ የተባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2025 13 ዩሮ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሕጋዊው ታክሲ ከሴን ወንዝ በስተቀኝ ወዳለው የከተማዋ ክፍል በተቆረጠ ዋጋ 56 ዩሮ ያስከፍል ነበር። በቀን የደረሰች ሴት በባቡር ትሄዳለች። አውሮፕላኗ ዘግይቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ያረፈባት ግን ግማሹ ባዶ በሆነ ፉርጎ ተሳፍራ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ በዚያ ሰዓት ሻንጣ እየጎተተች መውረድን ታስባለች፤ ታስብና ታክሲ ትይዛለች። በዚያ ዓመት ዋጋ ልዩነቱ 43 ዩሮ ነው። ይህን ገንዘብ የሚመልስላት የለም። ታክሲውንም ለመያዝ ቢሆን፣ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያሉ የሚከተሏትን ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች አልፋ ውጭ ወዳለው ሕጋዊ መቆሚያ መድረስ አለባት።

ከተማው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሌላ አለ። ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን ወደሚያወጣው ደረጃ ስትጠጋ የክር አምባር የያዙ ሰዎች እጇን ይዘው ያስሩባትና ገንዘብ ይሏታል። ወረቀት ይዘው «ፈርሚልን» የሚሉት ሲከቧት የአንደኛው እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ኪስ አውላቂው ወንዱንም ይዘርፋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ብቻዋን የቆመች ሴት ላይ እጅ መጫን፣ መንገድ መዝጋት፣ እምቢ ስትል መሳደብ ይቀላል። በሚያዝያ 2013 የሉቭር ሙዚየም ሠራተኞች ሌቦቹ ስላስመረሯቸው ሥራ አቁመው ሙዚየሙ ለአንድ ቀን ተዘጋ። በግንቦት 2015 ደግሞ የኤፍል ማማ ሠራተኞች በዚሁ ምክንያት ሥራ አቆሙ። እነሱስ ወጥተው መሄድ ቻሉ። መንገደኛዋ ወዴት ትሂድ?

ስለ ለከፋ ሳወራ «እዚያም አለ እንዴ?» የሚሉ የአገር ቤት ሰዎች ይገርሙኛል። አለ። ሜትሮ ውስጥ አለ፣ ድልድይ ላይ አለ፣ ካፌ በር ላይ አለ። እኛ የምናደርገውን ላንሣ፦ የማይሠራ ስልክ ጆሯችን ላይ ለጥፈን በአማርኛ ጮክ ብለን «እሺ፣ ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ቁም» እንላለን። ሰውዬው ቋንቋውን ባይሰማም የሚጠብቀን ሰው እንዳለን እንዲገባው ነው። ፈረንሳይ በነሐሴ 2018 የመንገድ ላይ ለከፋን በገንዘብ የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች፤ ከ2023 ወዲህ ከበድ ያለው ዓይነት እስከ 3,750 ዩሮ ያስቀጣል። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ለካፊው በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዶ ሲሄድ፣ ፈረንሳይኛ የማትችል እንግዳ ማንን ይዛ ለማን ትክሰስ? ባቡርና ሜትሮ ውስጥ ለሚደርስ ትንኮሳ 3117 ላይ መደወል፣ በጽሑፍ ደግሞ 31177 ላይ መላክ ይቻላል። ይህን ቁጥር ከእንግዶቹ ስንቷ ታውቀዋለች?

ሆቴል ገባን እንበል። በአንድ ከተማ እንግዳ ተቀባዩ ቁልፉን ሲሰጠኝ ከኋላዬ ሦስት ወንዶች ተሰልፈው ነበር፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ የክፍሌን ቁጥር፣ ፎቁንና በየት በኩል እንደምታጠፍ አስረዳኝ። እንዳይከተሉኝ ብዬ ከፎቄ አንድ ፎቅ አልፌ ወጥቼ በደረጃ ወደ ታች ተመለስኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ማቀበል ምን ያህል ያደክማል? ዋጋውም ላይ ቢሆን፣ ለሁለት ሰው የተተመነውን ክፍል ብቻዋን የምትይዘው ሴት ብዙ ጊዜ የምትከፍለው የሁለቱን ነው፤ በቡድን ጉብኝት ደግሞ ስለ ብቸኝነቷ ተጨማሪ ይጠየቃል።

ይህ እሮሮ የእኔ ዘመን ብቻ አይደለም። ፍሎራ ትሪስታን የተባለችው ፈረንሳዊት ጸሐፊ ከፔሩ ጉዞዋ ከተመለሰች በኋላ በ1835 ፓሪስ ላይ ለእንግዳ ሴቶች መልካም አቀባበል ማድረግ አስፈላጊ ስለመሆኑ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ብቻዋን ሆቴል የምትደርስ ሴት በጥርጣሬ ዓይን እንደምትታይና መጥፎው ክፍል እንደሚሰጣት ያኔውኑ ተናግራለች። 190 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛሬም ምግብ ቤት ገብታ «ለአንድ ሰው» ያለች ሴት ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ስትመራ አያለሁ፤ መስኮቱ ዳር ያለው ጠረጴዛ ባዶውን እያለ።

መጸዳጃ ቤት ካልኩ አይቀር፣ ስለ እሱም ልበል። ፓሪስ መንገድ ላይ ያሉት መጸዳጃዎች ከ2006 ጀምሮ ነጻ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ማታ ይዘጋሉ። አምስተርዳም ላይ በ2015 አንዲት ወጣት ሁሉም ቤት በተዘጋበት ሌሊት መንገድ ዳር ሽንቷን ሸንታ በገንዘብ ተቀጣች። ከተማዋ ለወንዶች 35 የመንገድ መሽኛ ሲኖራት ለሴቶች የነበራት 3 ነበር። በ2017 ጉዳዩን ያየው ዳኛ በወንዶቹ መሽኛ መጠቀም ትችል ነበር ብሎ ቅጣቱን አጸናው። በቦዮቿና በውኃዋ ስሟ በሚጠራ ከተማ! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ሌላ ሸክም ይደረብበታል። ከአገር ቤት ለምትመጣው ቪዛው ራሱ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏትም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሆቴል ማረጋገጫ ይዛ ትቀርባለች። ወጣትና ያላገባች ከሆነች ለመመለሷ ምን ዋስትና እንዳላት ደጋግማ ማስረዳት አለባት። እዚህ አውሮፓ የምንኖረውም ብንሆን አላረፍንም። ፈረንሳይ ከኅዳር 2015 ጀምሮ የድንበር ቁጥጥሯን ስለመለሰች ከጣሊያን ቬንቲሚሊያ ወደ ኒስ የሚሄደው ባቡር ማንቶን ሲደርስ ፖሊሶች ይገባሉ። ፉርጎው ሙሉ ሰው እያለ ወረቀት የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ቆዳው የጠቆረው ነው። የፈረንሳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2016 ሰውን በመልኩ እየለዩ መታወቂያ መጠየቅ የመንግሥት ከባድ ጥፋት ነው ብሎ ፈርዷል። እንግዲህ ለካፊ ሲያስቸግርሽ ወደ ፖሊስ ሂጂ ይሉናል። ፖሊሱ ደግሞ ከለካፊው ይልቅ የእኔን ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለመሄድ እግር ይከብዳል።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል፣ አለው። በፓሪስና በአካባቢዋ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ሹፌሩን ጠይቆ በሁለት ፌርማታ መካከል፣ ለቤት በሚቀርበው ቦታ መውረድ ይቻላል። በፈረንሳይ የሌሊት ባቡሮች ብቻቸውን ለሚጓዙ ሴቶች የተለየ ክፍል አለ፤ በኦስትሪያው ናይትጄት ባቡርም አለ፤ ቲኬት ሲቆረጥ መጠየቅ ነው። 112 በሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በነጻ ይሠራል። እነዚህ ነገሮች ብዙ ወጪ አላስወጡም፤ አንድ ሹፌር ግማሽ ደቂቃ ቢቆም ነው። የሚያናድደኝ ጥቂት መሆናቸው ብቻ ሳይሆን ተደብቀው መቀመጣቸው ነው። «ቦርሳሽን ጠብቂ» የሚለው ማስታወቂያ በየጣቢያው በተለያየ ቋንቋ ይነገራል፤ «ሹፌሩ ያወርድሻል» የሚለውን ግን ፈልገሽ ካላገኘሽ የሚነግርሽ የለም።

በየከተማው ለምንኖር ወገኖች አንድ ነገር ልለምን። ከአገር ቤትም ይሁን ከሌላ ከተማ እህት ማታ ስትመጣ አድራሻ ልካችሁ «ታክሲ ያዢና ነይ» አትበሏት። እንግዳ መቀበል የምናውቀው ሥራ ነው። ጣቢያው ድረስ ውጡና ተቀበሏት።