ካባን ጣና ውስጥ የማስመጥ ዘዴ

ጥብቅና ሰልችቶዎታል። አይፈረድብዎትም። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ችሎት በር ላይ ተገኝተው፣ «ዳኛ አልተሟላም» ተብሎ ለሁለት ወር የተቀጠረ መዝገብ ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ደንበኛዎ ደግሞ ቀጠሮውን ያራዘሙት እርስዎ ይመስሉታል። በዚያ ላይ ያሉት ባሕር ዳር ነው። ዘንባባዎቹን ተከትለው ጥቂት ራመድ ካሉ ጣና ይመጣል፤ ጣና ላይ ደግሞ ደንገል ታንኳው ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፍ፣ በዕድሜው መጥሪያ ደርሶት የማያውቅ የሚመስል ሰው አለ። «እኔስ?» ይላሉ በሆድዎ።

ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። አስቦ፣ ቆጥቦ፣ ቀስ እያለ ከሙያው መውጣት የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ መካሪ ይፈልግ።

አወጣጥዎ በንዴት ይሁን። ዜናውን መጀመሪያ ለማኪያቶ ጓደኞችዎ፣ ቀጥሎ ለባጃጅ ነጂው፣ ከዚያ ለሠፈሩ ያብስሩ። ደንበኛዎ መጨረሻ ላይ ይስማ፤ እሱም ከሰው አፍ። የተቀበሉትን ቅድሚያ ክፍያ አይመልሱ። የሰው ቤት ካርታና የወራሽነት ማስረጃ ያለበትን ፋይል አልጋ ሥር አስገብተው ስልክዎን ያጥፉ። ተወካይ ውክልናውን ሲተው ለወካዩ ማስታወቅ እንዳለበት፣ በመተዉ ጉዳት ካደረሰም ሊጠየቅ እንደሚችል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። እርስዎ ግን ሕጉን ትተዋል፤ ሕጉም እርስዎን የተወ ይመስልዎታል። ይህን እምነት አጥብቀው ይያዙት፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ምናልባት ደንበኛዎ አንድ ቀን አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አግኝቶዎት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮህ ይሆናል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶች። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል፤ እየተራመዱ ወደ ታች ለማየት በቂ ጊዜ አለዎት። ዓባይ ቆሟል? አልቆመም። እርስዎስ ለምን ይቆማሉ?

የጥብቅና ፈቃድዎን አያድሱ፣ መልሰውም አያስረክቡ። አቤቱታ መጻፍዎን ግን በቡና ሒሳብ ይቀጥሉ።

ወደ አዲሱ ሥራ እንምጣ። ሥራ የሚመረጠው በመስኮት ሲያዩት ደስ የሚለው ነው። ከእርስዎ መስኮት የሚታየው ጀልባ ስለሆነ ጀልባ ይግዙ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎብኚ ከጣና ዳር መራቁን የሚነግርዎት የጀልባ ሰው ካለ «ተስፋ ቆራጭ» ብለው ይለፉት። ለመግዣው የቤተሰቡን ቤት ያስይዙ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ክስ ሳይመሠርት፣ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ የሚፈቅደውን አዋጅ ቁጥር 97/1990 በቃልዎ ያውቁታል። ስንት ተበዳሪ ከፊትዎ ተቀምጦ ሲያለቅስ አንብበውለታል። ያ ግን የሌላ ሰው ቤት ነበር።

ጀልባው ሲገባ ማስታወቂያ ይለጥፉ፦ «ለሙሽሮች ልዩ የጫጉላ ጉዞ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ»። ዳጋ የነገሥታት አፅም ያረፈበት የተከበረ ገዳም ነው፤ ሴት ግን አይገባበትም። ሙሽሮቹ ይህን የሚረዱት ከሁለት ሰዓት በላይ በውሃ ተጉዘው፣ ሙሽራው ወርዶ ሙሽሪት ጀልባው ላይ ስትቀር ይሁን። ክብራን ገብርኤልም የወንዶች ገዳም ነው፤ ግን ለከተማው ቅርብ በመሆኑ በመልስ ጉዞው ጠቡ ሳይበስል ይደርሳሉ። ዳጋን ይምረጡ።

ጀልባው ካልበቃዎት መሬት አለ። ከምክሮቼ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና ማዋዋል በሚችል አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። እርስዎ እነዚህን እየጠቀሱ የስንቱን የመንደር ውል ያስፈረሱ ሰው ነዎት። አሁን ግን ውሃው ዳር፣ ለሎጅ የምትሆን አንዲት እርሻ ዓይንዎ ገብታለች። ባለ እርሻው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሦስት እማኝ ይበቃናል» ይላሉ። ይስማሙ። ውሉን ራስዎ ይጻፉት፣ አሳምረው፤ «ሽያጭ» የሚለውን አውጥተው «ስጦታ» ብለው ይተኩት። ሌላ ሰው ሲያደርገው ችሎት ፊት የሳቁበት ዘዴ የእርስዎ ሲሆን ብልሃት ይባላል።

ለቡና ደግሞ ዘጌ አለልዎት። በዘጌ ወግ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የተረፈው፣ ቡናውም በጥላው ሥር የኖረው በዚሁ ወግ ነው። እርስዎ ጥንድ በሬ ከነማረሻው በጀልባዎ ጭነው ይሂዱ። (ጀልባው ሥራ አገኘ ማለት ነው።)

ከአክስትዎ ልጅ ጋር ደግሞ ዓሣ ቤት ይክፈቱ። መቋቋሚያውን ያበድሩት፤ «ጋሼ፣ በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት?» ሲል እንደ ተሰደበ ሰው ይፈሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ፊት በእምነት ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ አይሆንም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለእንግዶች ጉላሽና ለብለብ ሲያዙ ሳይታወቅዎት ያልፉታል። ደንበኛ «ዓሣው አልበሰለም» ብሎ ሲመልስ በትህትና አይቀይሩለት፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያቅርቡ። ግማሹን በልቷልና ተቀብሏል፤ ቅሬታውንም በጊዜው አላሰማም። ያሸንፋሉ። ሰውየው ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ይግባኝ የሚጠይቀው ጎረቤትዎ ያለው ዓሣ ቤት ገብቶ ነው።

አርአያ ያስፈልገኛል ካሉ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አለልዎት። ቺካጎ ሕግ አጥንቶ በቴአትር የገነነ ሰው ነው። ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «ሕግ የተማረ ሁሉ ጸሐፌ ተውኔት ነው» የሚል ይሁን፤ ከሕጉ በኋላ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቴአትር መማሩን ዘለው ያንብቡት። አሜሪካዊው ጆን ግሪሻምም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጥብቅናውን ሳይለቅ፣ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ሦስት ዓመት ያህል ሲጽፍ እንደ ከረመ ይነገራል። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት የሚፈልግ ሰውማ ጥብቅናውን ለምን ይተወዋል?

ከሁሉ በላይ የሚያውቁትን ነገር የሚጠይቅ ሥራ አጠገብ እንዳይደርሱ። የባንክ ሕግ ክፍል፣ ማስተማር፣ የሕግ ትርጉም፣ ውል ማርቀቅ፣ ይህን ሁሉ ይሽሹ። የሰለቸዎት ብቻዎን መሮጡ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል፤ አይመልከቱት። የሰለቸዎት ችሎቱ ከሆነም በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግል ዳኝነትንና ዕርቅን ሥርዓት አስይዟል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ አሁንም እየሠሩት ነው። ዕድር ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየዘገኑ ያስታርቃሉ፣ የውርስ ድርሻ ያሰላሉ፣ የአጥር ጠብ ያበርዳሉ። ሰው እርስዎ ዘንድ የሚመጣው ካባዎን ፈልጎ አይመስለኝም፤ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ስለሚናገሩ ነው። ግን ይህን ያህል ለለመዱት ሥራ ሰው ሊከፍል ይችላል ብሎ ማሰብ ነውር ነውና ይተዉት።

ሁሉን በቅደም ተከተሉ ከፈጸሙ፣ አንድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የሚያውቁት ችሎት በር ላይ ይገኛሉ። ደግነቱ ዛሬ የመጡት ለምስክርነት ነው፤ በተከሳሽነት የሚቀርቡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እንደ ተአምር ዳኛ ተሟልቷል። ስምዎን ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ዕድሜ፣ ይመልሳሉ። አድራሻ ሲባሉ ጥቂት ይንተባተባሉ፤ ቤቱ ተሸጧልና።

«ሥራ?»

ጀልባው ከታሰረ ቆየ፣ ዓሣ ቤቱ ተዘግቷል፣ መሬቱ ላይ ሽማግሌው ሽምብራ ዘርተውበታል። ዝም ይላሉ። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ያዩዎትና ወደ ጸሐፊዋ ዞረው ያስጽፋሉ፦

«ጠበቃ።»