ብርዱ በነፃ ይሰናበት

ጅጅጋ ውስጥ ታኅሣሥና ጥር መጥቶ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ዛፍ ከደረቀ ፍርዱ የሚሰጠው ያለ ምርመራ ነው፤ «ብርዱ ገደለው» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ብርድ ጠበቃ የለውም። ምሽት ላይ ጃኬት ደርቦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሻይ ቤት የሚቀመጠው ሰው ሁሉ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነው። የጃኬቱ ነጋዴም ምስክርነቱን ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ ሰልቫጅ የሚሸጥበት ወር ነውና ብርዱ ቢከሰስለት እንጂ ቢፈታለት አይወድም። እኔ ግን ለተከሳሹ ጥብቅና መቆም አምሮኛል። ቦንሳይ የሚባለው፣ በጠባብ ሳህን ውስጥ ሥሩና ቅርንጫፉ ለዓመታት እየተገረዘ ቁመቱ ሳይጨምር የሚያረጅ ዛፍ፣ በጅጅጋ ግቢ ውስጥ ከሞተ ብርዱ የገደለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ገዳዮቹ ነፋስ፣ ጥማትና የባለቤቱ ደግነት ናቸው። አራተኛዋ ተባባሪ ጢም አላት፤ ወደ እርሷ በኋላ እንመጣለን።

መጀመሪያ የተከሳሹን አቅም እንመዝን። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት አንጋጣ ትበትነዋለች፤ ደመና የሚባል ክዳን የለባትም። በዚህ የተነሳ የጅጅጋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ይችላል፤ ሰውየው ጃኬቱን መደረቡ እውነት አለው። ነገር ግን ገለባውን ነጭ አልብሶ የሚያድረው የደብረ ብርሃን ውርጭ በዚህ ከተማ የዘወትር እንግዳ አይደለም፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይም ሙቀቱ ተመልሶ 25 ዲግሪን ይጠጋል። ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ኦሚያ የሚባል የቦንሳይ መንደር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተፈናቀሉ አትክልተኞች በ1925 የቆረቆሩት ነው። እዚያ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጥዱ ግን ደጅ ያድራል። እንዲያውም ቅጠላቸውን የሚያረግፉት የሰሜን ዛፎች ብርድ ካላገኙ በወጉ ስለማይተኙ በፀደይ ደክመው ይነሳሉ። ከ1625 ጀምሮ በሳህን ውስጥ የኖረ አንድ የጃፓን ጥድ ደግሞ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከወደቀበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በግንብ አጥር ተከልሎ ከነነፍሱ ተርፏል፤ በ1976 ለአሜሪካ ተሰጥቶ ዛሬ ዋሽንግተን ይገኛል። የዚህ ዛፍ ዘመድ በጅጅጋ ምሽት ሞተ ሲባል ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ ተገቢ ነው።

«ታዲያ የቦንሳይ መጻሕፍት ሁሉ ጠቅልል፣ ሸፍን፣ ሳህኑን መሬት ቅበር ለምን ይላሉ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የዛፍ ሥር የቅርንጫፉን ያህል ብርድ አይችልም። ዛፉ መሬት ላይ ሲሆን አፈሩ ሥሩን ይከልልለታል፤ ሳህን ውስጥ ሲሆን ግን ብርዱ ከአራቱም ጎን፣ ከታችም ጭምር ይገባበታል። አፈር ለሳምንታት በረዶ ሆኖ በሚከርምበት አገር ምክሩ ሕይወት አድን ነው። እዚህ ግን ሌሊት የቀዘቀዘው ሳህን እስከ ቀትር ድረስ ሞቆ ቁጭ ይላል፤ ለቺካጎ የተጻፈን ማዘዣ ጅጅጋ ላይ መዋጥ ያልያዘን በሽታ ማከም ነው። ሕክምናው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፌስታል ነው። ዛፍ በፌስታል ጠቅልሎ ማዳን የሚቻል ቢሆን ኖሮ ከጅጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች በዓለም ላይ ተወዳዳሪ ባልተገኘላቸው ነበር፤ ነፋሱ ከከተማው እየለቀመ ያለ ክፍያ ሲያለብሳቸው ይውላል። እውነታው ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያደርስበታል፣ ሌሊት ላቡን ያጠራቅምበታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይቀቅለዋል። ግድ መሸፈን ካለበት ቀላሉ ነገር ጆንያ ነው፤ ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ተክሎ ማታ መጣል፣ ጠዋት ማንሳት። ማንሳቱ የሚረሳ ከሆነ ግን አለመጣሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ወንጀለኛ። የጅጅጋ ሜዳ ለነፋስ የተዘረጋ አደባባይ ነው፤ ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ደረቅ ወቅት ደግሞ ነፋሱ ራሱ የተጠማ ነው፤ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ጠጥቶ ያልፋል። ቅጠል ሳያቋርጥ ውሃ ይተነፍሳል፤ የቀዘቀዘ ሥር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ወጪው ከገቢው በለጠ ማለት ነው፤ የሳህኑ አፈር ደግሞ ከሁለት ጭብጥ ስለማይበልጥ መጠባበቂያ ገንዘብ የለውም። ለዚህ ማስረጃው ሬሳው ላይ ይገኛል። ውርጭ የገደለው ቅጠል በአንድ ሌሊት ጠቁሮ፣ ውሃ እንዳዘለ ልምሽሽ ይላል። ጥማትና ነፋስ የገደለው ግን ከጠርዙ ጀምሮ ቀናት እየፈጀ ቡናማ ይሆናል፤ በጣት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። የሚቀጥለው ዛፍ ሲሞት ቅጠሉን ነክቶ መፍረድ የማንም አቅም ነው። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብርዱን ይቅርታ ጠይቁት።

ከምርመራው የሚከተለው ጥበቃም ቀላል ነው። የበጋው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ሳህኑን ከግንብ በስተ ምዕራብ ወይም በስተ ደቡብ ማስጠጋት፤ ከቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ሥር ከሆነ ደግሞ ክዳኑ የሌሊቱን ሰማይ ስለሚጋርድለት ሁለት ጥቅም አለው። ጠዋት ማጠጣት። ብዙዎች «ቀዝቃዛ ነውና ውሃ አይጨመርበት» ይላሉ፤ ነገሩ ግን እርጥብ አፈር ቀን የተቀበለውን ሙቀት ከደረቅ አፈር አብልጦ ይዞ ያድራል።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ተቃውሞ ይነሳል፤ ቀልዱንም ትንሽ እንድናቆም ያስገድዳል። ሐርሺን ላይ ሕዝብና ከብት በቢርካ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነፍሱን በሚያቆይበት፣ ከተማው ውስጥም ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት አገር፣ ጥላ ለማይሰጥና ፍሬ ለማይበላለት ዛፍ ውሃ ማፍሰስ ነውር አይደለም ወይ? ከጀሪካኑ ቀድቶ የሚያጠጣ ከሆነ ክሱን እኔም እፈርምበታለሁ። ግን ሳህኑ የሚጠጣው አንድ ሁለት ኩባያ ነው፤ ይህን ያህል ደግሞ ቤቱ ራሱ ይደፋል። ሩዝ የታጠበበት ውሃ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ለውዱእ የፈሰሰው ነው፤ ሳሙና የለበትም፣ በቀን እስከ አምስት ጊዜ ይገኛል፣ ሰዓቱም አይዛነፍም። ከሥሩ ገበቴ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እንዲህ የተደራጀ መስኖ ኦሚያ ውስጥ የለም።

ሌላው መልስ የዛፉ ምርጫ ነው። በታይላንድ፣ በታይዋንና በኢንዶኔዥያ ሰዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት፣ ግንዱ ከሥሩ ያበጠና ሮዝ አበባ የሚያፈካ የሳህን ዛፍ አለ፤ የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ከኤደን ወደብ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ የሞተው የዕፅዋት ተመራማሪ ፎርስኮል ሲሆን ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው። ይህ ዛፍ ከእኛው ከምሥራቅ ቆላ ድንጋይ መካከል ማንም ሳያጠጣው ይበቅላል። ባንኮክ ላይ ሽልማት የሚያስገኘውን ዛፍ እረኛው አልፎት ይሄዳል፤ ፍየሏም ታልፈዋለች፤ ደሙ ለቀስት መርዝ ያገለገለ ነውና።

እዚህ ላይ ግን ጠበቃው ሐቁን ማመን አለበት፤ ብርዱ በእርግጥ የሚወነጀልበት ዛፍ ቢኖር ይኸው ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲያድር ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ቢሆንም እዚህም የመጨረሻውን ምት የሚያሳርፈው ሰው ነው። ባለቤቱ የተራቆተውን ግንድ አይቶ አንጀቱ ይላወሳል፤ «ተጠምቶ ነው» ብሎ ማታ ማታ ያጠጣዋል፤ የተኛ ሥር ስለማይጠጣ ውሃው እዚያው ይቆምና ዛፉ ከሥሩ ይበሰብሳል። ለበረሃ ጽጌረዳ የበጋው ሕግ የሌሎቹ ተቃራኒ ነው፤ ክዳን ሥር ወይም ቤት ማስገባትና ውሃ መንፈግ። ደግነት የሚጎዳው ፍጡር አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

ተባባሪዋን አልረሳናትም። ሜዳው ላይ ግራሩን ዓመት ከዓመት እየቀነጠበች፣ ጎንበስና ጠመም አድርጋ፣ አጭርና ሽማግሌ አስመስላ የምታሳድገው ፍየል ኦሚያ ሄዳ የተማረች ትመስላለች። ልዩነቱ የጃፓኑ አትክልተኛ የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ግቢ ከገባች የሃያ ዓመት ሥራ ለእርሷ ቁርስ ነው፤ በማግስቱም ባለቤቱ ባዶውን ግንድ አይቶ «የትናንቱ ብርድ ጉድ ነው» ማለቱ አይቀርም።

አንድ ልመና ልጨምር። ይህን ያነበበ ሰው ነገ ዶማ ይዞ ቆላ እንዳይወርድ። ትልቁን የበረሃ ጽጌረዳ ነቅሎ ማምጣት ድካሙ ብዙ ነው፤ ሥሩ ከቆሰለ ይበሰብሳል፣ ቆላውም ይራቆታል። ጥንድ ሆኖ የሚወጣውን ፍሬ ሳይፈነዳ በክር ማሰር ይሻላል፤ ዘሩ በሁለቱም ጫፍ ጭራ ስላለው ካልታሰረ ነፋሱ ይወስደዋል። ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ ገደማ ቢዘራ በሳምንት አካባቢ ይበቅላል። ወፍራሙን ግንድ በወጉ የሚያወጣውም ከቅርንጫፍ የተተከለው ሳይሆን ከዘር የበቀለው ነው።