እባካችሁ፣ እንዳይገባቸው!

ባለፈው ሰሞን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ዐውደ ጥናት ተጠርቼ ነበር። ርዕሱ ሥርዓተ ትምህርታችንን ከቅኝ ገዥዎች አስተሳሰብ ማላቀቅ ነው። ሰባ ያህል ሰዎች ነበርን፤ ፈረንጅ አንድም የለም። ስብሰባው የተካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ከደብረ ታቦር የመጡ አንድ አዛውንት መምህር እጃቸውን አውጥተው በአማርኛ ሲጀምሩ አወያዩ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለሪፖርቱ እንዲመቸን በእንግሊዝኛ ቢያደርጉት» አላቸው። እሳቸውም «ሶሪ» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ያን ዕለት ሐሳቤን ቀየርኩ። ይህ ማላቀቅ የሚባል ነገር ይቅርብን።

የኬንያው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፍ ወይም አንገቱ ላይ የስድብ ሰሌዳ ይንጠለጠልበት እንደነበር ጽፏል። ለዚያ እንግሊዝ ባሕር አቋርጣ፣ ወታደር አስፍራ፣ ስንት ወጪ አውጥታለች። እኛ አድዋ ላይ ጣሊያንን የመለስን ሕዝቦች ግን ያንኑ አገልግሎት በየወሩ ከኪሳችን ከፍለን እናገኛለን። የጎረቤቴ ልጅ በሚማርበት የግል ትምህርት ቤት፣ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ አምስት ብር ይቀጣል። ልጁ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ተላጠና «ውይ እናቴን!» አለ። አምስት ብር። እናትየው ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ ሳቋም ኩራት አለበት።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱም ቢሆን ትንሽ ይዘገይ እንጂ እዚያው ይደርሳል። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጀምራሉ፤ ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክሱም ታሪኩም እንግሊዝኛ ይሆናል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሀገር በቀል ዕውቀት ይካተት ይላል። ተካቷል፤ በእንግሊዝኛ። አንድ ምሽት እዚያው ጎረቤቴ ቤት ትልቁ ልጅ ለባዮሎጂ ፈተና «ፈርመንቴሽን» የሚለውን ከነትርጉሙ ዐይኑን ጨፍኖ ይሸመድዳል። እናቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ እርሾ ጨምራ ሊጥ ታቦካለች። «እናትህ የምትሠራው እኮ እሱን ነው» ስለው፣ መጽሐፉን ገልብጦ ካየ በኋላ «ይሄ አይመጣም» አለኝ። ልክ ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የኩረጃው መቆምም አንዱ ነው። ግን ሰው የወደቁትን ብቻ እያየ ያለቅሳል። ሳይገባው አሥራ ሁለት ዓመት ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ዜጋ ማፍራት ቀላል ሥራ መሰላችሁ?

ያ ልጅ ነገ የወረዳ ስብሰባ ይጠራል። መድረኩ ላይ ያለው ኃላፊ «የስቴክሆልደሮችን ኢንጌጅመንት በማጠናከር ሰስቴነብል የሆነ ዋተር ሰፕላይ» ይላል። ልጁም የሠለጠነበትን ያደርጋል፦ ማስታወሻ ይይዛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያጨበጭባል። ሰፈሩ ውሃ ካየ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ቢሆንም አዳራሹ ሰላም ነው።

አሁን ይህንን ልጅ በሚገባው ቋንቋ አስተምሩትና ጉዱን እዩ። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ማለት ክፍል ውስጥ ከለመደ ያቺን ጥያቄ የትም አይተዋትም። ኃላፊውን «ጌታዬ፣ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። መድኃኒት ቤት ገብቶ «ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብቡልኝ» ይላል። እድር ላይ ሒሳቡ በዝርዝር ካልተነበበ አልፈርምም ይላል። ብድር ሲወስድ ከፊርማው በፊት ውሉን ሊያነብ ሰልፉን ያስቆማል። አንድ ክፍል ውስጥ የተጀመረ ጣጣ እንዲህ ከተማ ያምሳል። ያኔ ማን ስብሰባ ይመራል? ማንስ በአንድ ድምፅ ያጸድቃል?

እንግሊዝኛ እኮ አይቅር፣ ራሱን እንደቻለ ትምህርት በደንብ ይሰጥ የሚሉም አሉ። እነዚህ የባሱ ናቸው። ያኔማ ልጆቹ ሁለቱንም ሊችሉ ነው!

የቢሾፍቱው የአቋም መግለጫ በኢሜይል ደርሶኛል፤ አሥራ አራት ገጽ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። የደብረ ታቦሩ መምህር ስም ከተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አበል የተቀበሉበት ፊርማም አለ። ሊሉት የነበረውን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።