ዘይት በበዛበት ሌን ላይ ለሚወረወር የቦውሊንግ ኳስ የቀዳዳ አቀማመጥ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር (በኋላ የሚሞላ)

በአሜሪካ የቦውሊንግ አዳራሾች ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ የሚረዝመው ሌን አብዛኛው ክፍሉ ዘይት የሚቀባ በመሆኑ፤ ዘይቱ በበዛ ቁጥር ኳሱ መያዣ አጥቶ እየተንሸራተተ ሳይታጠፍ የሚያልፍ በመሆኑ፤ ኳሱ ያልታጠፈለት ተጫዋች ሁሉ ጥፋቱን በሰርሳሪው ባለሙያ ላይ ማላከክን ልማድ አድርጎ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ “አቀማመጥ” ማለት የጣት ቀዳዳዎች በኳሱ ውስጥ ከተቀበረው አስኳል አንጻር የሚበሱበት ሥፍራ ሲሆን፣ “ነጥብ” ማለት የአስኳሉ አናት በየት በኩል እንዳለ ለማሳየት ፋብሪካው በኳሱ ገጽ ላይ የሚተወው ባለቀለም ምልክት፣ “ዋልታ” ማለት ደግሞ ኳሱ ከእጅ እንደወጣ የሚሽከረከርበት ዘንግ ከኳሱ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ዋልታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከጎረቤት መዋስ ክልክል ነው። በወንድ ፆታ የተነገረው ሴትንም፣ ለቀኝ እጅ የተነገረው ግራኝንም ይጨምራል።

አንቀጽ 2፦ ስለ ርቀት
ነጥቡ በዋልታው ላይ ሲያርፍ ወይም 6¾ ኢንች ሲርቅ አስኳሉ ተረጋግቶ ስለሚዞር ኳሱ ሌኑን የሚነካው ደጋግሞ በዚያው ዘይት በጠጣ ቀለበቱ ነው፤ ርቀቱ 3⅜ ኢንች ሲሆን ግን አስኳሉ እጅግ ስለሚናወጥ ዘንጉ በየዙሩ ቦታውን ይቀይራል፣ በዚህም ዘይት ያልነካው ደረቅ ገጽ በተራ ወደ ሌኑ ይቀርባል። ማስረጃ የሚጠይቅ ወገን ኳሱ ሲመለስለት በፎጣ ከመጥረጉ በፊት ይመልከተው፤ በገጹ ላይ የቀሩት የዘይት ቀለበቶች ሁለት ቦታ ላይ እየተገናኙ መሐሉ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክራባት ይሰፋሉ። ስለዚህ ዘይት ለበዛበት ሌን ከ3⅜ ኢንች ብዙም ያልራቀ ልክ እንዲመረጥ ተወስኗል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ገጽ
ከላይ የተደነገገው ሁሉ ቢሟላም እንደ መስታወት የተወለወለ ኳስ በዘይት ላይ የሚረባ ነገር ስለማያደርግ፣ ማንኛውም ተጫዋች ሰርሳሪውን ከመክሰሱ በፊት የኳሱን ገጽ በ500 ወይም በ1000 ቁጥር ማለስለሻ ማሻከር ግዴታው ነው። የአዋጁ አርቃቂዎች ይህን አንቀጽ ቀዳሚ ለማድረግ አስበው የነበረ ቢሆንም፣ ርካሽ መፍትሔ የሚያነብ ሰው እንደማይገኝ በመረዳት ወደ ኋላ አድርገውታል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ተከለከለ ቀዳዳ
የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ጣት የማይገባበትን የሚዛን ቀዳዳ ከኦገስት 2020 ጀምሮ በውድድር ስለከለከለ፣ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይዞ የተገኘ ተወዳዳሪ ቀዳዳውን ያስደፍናል፤ አሻፈረኝ ካለ ተጨማሪ ጣት እንዲያበቅል ቀነ ገደብ ይሰጠዋል።

አንቀጽ 5፦ የተሻሩ መመሪያዎችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
“አንድ ሌላ ኳስ ላስበሳና እንየው” የሚል ማናቸውም የቃል መመሪያ ተሽሯል። ይህ አዋጅ ሌኑ ዘይት ከተቀባበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ዘይቱ በኳሶች እየተጠረገ ሲሳሳ ግን ይኸው ኳስ ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ ተጫዋቹ ወደ ቦርሳው ተመልሶ ለስለስ ያለውን ኳስ ያወጣል።