የተገዛ ጭቃ

ኖቲንግሃም ስኖር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን በአስተርጓሚነት እሠራለሁ፤ ማታ የማደርገውን እነሆ እናዘዛለሁ።

እንግሊዝ አገር ያለ ክፍያ የሚገኝ ነገር ካለ ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደጃፌ ማጥ ነው፤ ልጆቼ በጫማቸው ሳሎን ድረስ ያመጡልኛል። ታዲያ ባለፈው ኅዳር እዚያው ጭቃ ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ሄጄ፣ ሱቅ ገብቼ፣ በብልቃጥ የታሸገ ጭቃ ገዝቼ ተመለስኩ። ዋጋውን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለእናንተም አልነግርም። ብልቃጡ ላይ «እርጥብ» ተብሎ ተጽፏል። ደረቁ ለብቻው ይሸጣል።

ጭቃው ለታንክ ነው። ርዝመቷ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ለሆነች ታንክ።

ጥፋቱ የልጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጓደኛው አንድ ሣጥን የፕላስቲክ ወታደርና አንድ ብረት ለበስ መኪና ስጦታ አመጣለት። ልጁ ሁለት ጎማ ገጠመና ኳስ ሊጫወት ወጣ። እኔ «እስኪ ልጨርስለት» ብዬ ተቀመጥኩ። ይኸው ሰባት ዓመቴ።

ከተማዋም አላገዘችኝም። ኖቲንግሃምን ሰው የሚያውቃት በሮቢን ሁድ ነው፤ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ለሚጫወቱት ግን መናገሻቸው ናት። ዋርሀመር የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ነው፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታንኮች አሳንሶ የሚሸጠው ዋርሎርድ ጌምስም እዚሁ ነው። አካባቢውን «የእርሳስ ቀበቶ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ የመጻፊያ እርሳስ የሚመረትበት መስሎኝ ነበር። ለካ ድሮ ወታደሮቹ የሚሠሩት ከቀለጠ እርሳስ ስለነበር ነው።

ያኔ ታዲያ የዋርሀመር ሰዎች እንዲህ የተደላደሉ አልነበሩም። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የዋርሀመር መጽሔት ባዶ የዲዮዶራንት ዕቃ እንዴት ተንሳፋፊ ታንክ እንደሚሆን አንባቢዎቹን ያስተምር ነበር። ይህን ሳውቅ ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኜ በሽቦ፣ በሰርዲን ቆርቆሮና በቆርኪ የሠራኋት ኤንትሬ መኪና ትዝ አለችኝ። ሙያው ነበረኝ ማለት ነው፤ የጎደለኝ ዲዮዶራንት ነው።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፕላስቲክ በመቁረጫ ለቀም ለቀም ታደርጋላችሁ፤ ጠርዙን በሞረድ ታለሰልሳላችሁ፤ በወረንጦ ይዛችሁ ታጣብቃላችሁ። በሱፐር ግሉ ከሆነ ከታንኩ በፊት አውራ ጣታችሁና ሌባ ጣታችሁ ይጣበቃሉ። ከዚያ መሠረት ቀለም፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም። እዚህ ላይ ታንኩ ዛሬ ከመርከብ የወረደ ይመስላል፤ ጤነኛ ሰውም እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ገና መጀመራችን ነው። ቡናማ ቀለም አቅጥነን እናለብሰዋለን፤ በየስንጥቁና በየብሎኑ ሥር ሰርጎ ጥላ ይሆናል። ሲደርቅ ብሩሹን ፈዛዛ ቀለም ውስጥ እንነክርና ያንኑ ቀለም መልሰን በሶፍት እንጠርጋለን፤ ምንም ሊቀረው ሲል ጠርዝ ጠርዙን እናብሰዋለን። ከስፖንጅ ቦጨቅ አድርገን፣ ጥቁር ቡናማ አስነክተን በበሩ ዙሪያ ጠቅ ጠቅ ስናደርግ ቀለሙ የተላጠ ይመስላል። ከዚያ ዝገት። ከዚያ ጭቃ፤ ሰንሰለቱ ላይ ወፈር፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሳሳ። ለጭቃው ብቻ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። እንዳይለቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ እሱን ለሌላ ቀን አስቀረሁት።

አዲስ አበባ ጋራዥ ያለው ወንድም አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲያቃና፣ ስቱኮ ሲመርግ፣ አንቲረስት ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ዝም አለ።

«ቆይ፣ አዲስ አድርገህ ከሠራህለት በኋላ ነው የምታዝግለት? ደንበኛው ምን ይልሃል?»

ደንበኛው እኔ ነኝ አልኩት።

«እሱማ ገባኝ» አለ።

አደጋም አለው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ እቀባለሁ። ብሩሽ የማለቀልቅበት ውኃ በሲኒ ነው፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። አንድ እሑድ ብሩሼን ቶናው ውስጥ ለቅልቄ የመለቅለቂያውን ውኃ ፉት ፉት አልኩት። ነገሩ የገባኝ በረካው ሲመጣ ነው። ባለቤቴ ያኮረፈችኝ ስለ ሲኒዋ እንዳይመስላችሁ፤ ልዩነቱን ሳላውቅ በመጠጣቴ ነው።

ያልተቀቡት አልጋ ሥር ናቸው። እንግሊዞቹ «የሀፍረት ክምር» ይሉታል፤ የእኔ ሠላሳ አንድ ሣጥን ደርሷል። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ሠራዊት የሚዘምተው መቼ ነው?» ስትለኝ ኤች. ጂ. ዌልስን እጠቅስላታለሁ። በ1903 እ.ኤ.አ. ታንክ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በየብስ የሚጓዝ ብረት ለበስ የጦር መሣሪያ በልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። በ1913 ደግሞ «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል የአሻንጉሊት ውጊያ መመሪያ አሳተመ። ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ የእንጨት ጥይት በሚተፋ የመጫወቻ መድፍ ወታደር የሚጥለው ያ ሰው ያኔ አርባዎቹን እያገባደደ ነበር።

«እሱ መጽሐፍ ሸጦበታል» አለች።

ወደ ታንኪቱ ልመለስ። ኤል 3 የምትባል የጣልያን ሥሪት ናት። ፋብሪካዋ ፊያትና አንሳልዶ ነው፤ ያው የኤንትሬው ፊያት። እውነተኛዋ ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ሦስት ቶን ገደማ ትመዝናለች፣ ቁመቷ ከሰው ደረት ብዙ አያልፍም። የገዛኋት ትንሽና ርካሽ ስለሆነች ነው እንጂ በሌላ አይደለም፤ ይህን ኋላ ለአባቴም ምዬ ነግሬያቸዋለሁ። ጉድለቷ አናቷ ላይ የሚዞር ነገር አለመኖሩ ነው። መትረየሶቿ ፊት ለፊት ተሰክተዋል፤ ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት ፈቀቅ ቢሉ ነው። የጨዋታውም ሕግ ወደ ፊቷ ብቻ ነው የሚያስተኩሳት።

አባቴ ሊጠይቁን የመጡት በጥር ነው። ሰኞ ማታ ቤት ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብዬ ወደ ጨዋታ ክበባችን ይዣቸው ሄድኩ። የምንጫወተው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሲሰሙ ጫማቸውን ሊያወልቁ ነበር። ተጋጣሚዬ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። የዚያን ዕለት ታዲያ የኢትዮጵያን አርበኞች ደርድሮ ጠበቀኝ። ነጭ ለብሰዋል፣ ጋሻ ይዘዋል፣ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ተሠርቷል።

አባቴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ነጭ ለባሽ የማን ነው?»

«የእኛ ነው፤ ማለቴ የእሱ ነው።»

«ብረቱስ?»

«የኔ።»

አባቴ ወንበራቸውን አንስተው ወደ ፖስተኛው ጎን ተሻገሩ።

የአባቴ አባት በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ከጎጃም ወደ ሽሬ ከዘመቱት ናቸው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ ደምበጊና በር ላይ እነዚህኑ የጣልያን ታንኮች ገጥሞ፣ በጎንና በኋላ እየገባ ድል አድርጓቸዋል። አባቴ ይህን እሳት ዳር ሲሰሙ ነው ያደጉት። ፖስተኛው ሰዎቹን ፊት ለፊት ሲያሰልፍ አላስቻላቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊት ለፊት ምን አመጣህ! ዞራ አትተኩስም እኮ። በጎን ግባባት፣ ከኋላ ውጣባት!»

ፖስተኛው ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

ፍርድ ቤትም ሆስፒታልም ስሠራ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም የገባሁት ቃል አለ። ተረጎምኩ።

ሰውየው አመስግኖ አሥር ሰው በጎን አዞረ። ሜትሩን ዘርግቶ በኢንች ለካ፤ ዳይሱን ጣለ፤ ስድስት። ደገመ፤ ስድስት። ጭስ እንዲሆን ጥቁር ቀለም ያስነከርኩትን ጥጥ አንስቼ በገዛ ታንኬ ላይ በገዛ እጄ አስቀመጥኩ። አባቴ ብድግ ብለው «ዘራፍ!» ሲሉ፣ ከጎናችን ናፖሊዮንን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ፈረሰኞቹን በክርኑ ደፋቸው።

ሁለቱ ተጨባበጡ። ከዚያ አባቴ ታንኪቱን አንስተው ኮታቸው ኪስ ከተቷት።

«አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ይመልሱልኝ።»

«የተማረከ ይመለሳል እንዴ?»

ይህንንም ለፖስተኛው ተረጎምኩለት። ሙሉ በሙሉ ተስማማ።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። ታንኪቱ ቡፌው ላይ፣ ከአያቴ ፎቶ ሥር ናት አለችኝ እናቴ።

«ግን ልጄ፣ እንዲህ ጭቃ በጭቃ አድርገህ ለአባትህ ትሰጣለህ? በኦሞ አሽቼ አጠብኩልህ። አሁን አዲስ ሆናለች።»